ሰሊጥ የማያሾልክ ስፌት

ሸሕዲ ውስጥ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። የምሰፋው ሸራ ነው፤ የሰሊጥ ማራገፊያ ሸራ። አገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ሰሊጥ ታጭዶ ይታሰርና ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ ሂላ በምንለው ክምር ቆሞ ይደርቃል። ሲደርቅ ፍሬው የተቀመጠበት ቋት አፉን ይከፍታል። ያኔ ነዶውን ሸራ ላይ አምጥቶ፣ ቁልቁል ዘቅዝቆ ማራገፍ ነው። ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሸራው የሚያፈስ ከሆነ ግን የዓመት ድካም አፈር ውስጥ ይገባል። ዋልካ መሬት ደግሞ ስንጥቁ ብዙ ነው፤ አንዴ የገባበትን ፍሬ የሚያወጣ ሰው የለም።

ወደዚህ ቆላ የመጣሁት ከጎጃም ነው፣ ከባሌ ጋር ሰሊጥ ለማጨድ። ሁለት ዓመት ጎንበስ ብዬ አጨድኩ። በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስለነበር ባሌ "አንቺስ ከተማ ቅሪ" አለኝና ሸሕዲ ቀረሁ። አንድ ሽማግሌ ሸራ ሰፊ ዘንድ ጨርቅ በመያዝና ክር በመጠምጠም ጀምሬ ሙያውን ለመድኩ። ሰውዬው ዐይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን ለእኔ ለቀው ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ባሌም ትራክተር መንዳት ተምሮ፣ ክረምት ከገባ ጀምሮ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሲዞር ነው የሚከርመው።

ስፌቴ የሽማግሌው ስፌት ነው። ሁለት ጨርቅ የሚገናኝበትን ጠርዝ እርስ በርሱ አቆላልፌ አጥፈዋለሁ፤ ከዚያ በላዩ ሁለት ጊዜ እሄድበታለሁ። ክሩን አስቀድሜ በሰም አሸዋለሁ። ሰሙ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሥራው ያዘገያል፣ ጣትም ይበላል፤ ግን እሳቸው ሌላ ዓይነት አላስተማሩኝም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተሰፍቶ ያለቀለት ሸራ በጭነት መኪና እየመጣ በየሱቁ መደርደር ጀመረ። ሰማያዊ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። የኔ ደብዛዛ ነው። ታጥፎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ልዩነቱን ማን ያያል? ገበሬው ይመጣል፣ በሁለት ጣቱ ይዳስሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ "እስቲ ዞሬ ልምጣ" ይላል። ዞሮ የመጣ ግን አላስታውስም። ሰኔና ሐምሌን እጄን አጣጥፌ፣ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈውን ሚኒባስ ስቆጥር ከረምኩ።

ከሱቄ ጋር ግድግዳ የምትጋራውን ክፍል የተከራየች አንዲት መምህርት አለች። የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ታስተምራለች። አንድ ቀን ከት/ቤት ስትመለስ ባዶ የስፌት መኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ አገኘችኝና፣

"አንቺ፣ ለምን ቪዲዮ አንሠራልሽም?" አለችኝ።

"የምን ቪዲዮ?"

"የሥራሽን ነዋ! አሁን ሰው ዕቃ የሚመርጠው ስልኩ ላይ ነው። ገጽ እከፍትልሻለሁ፤ እኔ እቀርጻለሁ፣ አንቺ ትናገሪያለሽ።"

የመጀመሪያውን ቪዲዮ ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን በጣም ኮርተንበት ነበር። የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ። መምህርቷ ከቤቷ የፕላስቲክ አበባ አምጥታ መኪናዬ ላይ አቆመች። ንግግሩንም እሷው ጽፋ በቃሌ አስጠናችኝ። "የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤ ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የሰሊጥ ማራገፊያ ሸራዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለማቅረብ ዝግጅቱን ያጠናቀቀ መሆኑን ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል።" ድርጅታችን የሚባለው እንግዲህ እኔና አንዲት መኪና ነን። ስናገር ዐይኔ ፈጦ፣ አንገቴ ደርቆ፣ እስክሪብቶ የዋጥኩ መስያለሁ።

ያዩት ጥቂት ዘመዶቻችን ብቻ ናቸው። ጎጃም ያለችው እህቴ ወዲያው ደወለች።

"ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምነው እንደዚያ ሆንሽ? እማዬ አይታሽ ደንግጣለች።"

ሁለተኛውን በሙዚቃ ሠራነው። በሦስተኛው ሸራዎቹን በየቀለማቸው ደርድረን አሳየን፣ "ይምጡ ይጎብኙን" የሚል ጽሑፍም አስሮጥንበት። አንድ ሰው ብቻ ኮመንት ጻፈ፤ የሙዚቃውን ስም ፈልጎ ነው። ነሐሴ አለቀ። መምህርቷ አፍራ፣ "ምናልባት ስልኬ ጥራት የለውም" ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጥፋቱ የመልኬና የአነጋገሬ መስሎኝ "ይቅርብን" አልኳት።

በመስከረም መጀመሪያ ከሽንፋ በኩል አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። አንዱን ሰማያዊ ሸራ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመዋል። ሱቄ ደፍ ላይ ጣል አደረጉትና፣

"ልጄ፣ ይኸ ሸራ አምና ሰሊጤን ጠጣው" አሉኝ።

"የት ላይ ነው የሚያፈሰው አባቴ?"

"እሱን ባውቅማ ራሴ በመርፌ እይዘው ነበር። ቀዳዳ የለውም፤ ብርሃን ላይ ዘርግቼ አይቼዋለሁ። ግን አራግፈን ስናነሣው ከሥሩ ነጭ በነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ።"

ሸራውን ዘረጋሁት። እውነትም የተቀደደ ነገር የለውም። ስፌቱን ሳየው ግን ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተነባብሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሄደበት፤ መርፌው ወፍራም፣ ክሩ ቀጭን ነው። ልነግራቸው ጀመርኩና ነገሩ በቃል የሚገባ አልመሰለኝም። ትከሻዬ ላይ ጥቁር ሻል ነበር፤ አውልቄ መሬት ላይ አነጠፍኩት። የሸራውን ስፌት በሻሉ ላይ ወጠርኩ። ከጣሳ አንድ እፍኝ ሰሊጥ ዘግኜ ስፌቱ ላይ አፈሰስኩና በጣቴ መታ መታ አደረግሁት።

"አሁን ሸራውን ያንሡት" አልኳቸው።

አነሡት። ጥቁሩ ሻል ላይ ነጫጭ ፍሬ ልክ እንደ ስፌቱ መስመር ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። ሽማግሌው በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

"እግዚኦ! በመርፌ ቀዳዳ? በዚች በኩል ነው ዓመቱን ሙሉ የደከምኩበት የወጣው?"

"በዚች በኩል ነው አባቴ።"

"እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩት። አሁንም ወረደ። ከዚያ ከመደርደሪያ የራሴን ሸራ አውርጄ እንደዚያው ወጠርኩና ሰሊጡን አፈሰስኩ። መታሁት፣ አራገፍኩት። እሳቸውም አላመኑኝም፤ ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው አርገፈገፉት። ሻሉ ላይ ምንም የለም።

"አንድም አልወጣ!" አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። "ኧረ አንድም አልወጣ!"

ቀና ስል መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ደግናለች። ከክፍል ስትመለስ ደርሳ ሁሉንም ቀርጻዋለች።

"አባባ፣ ሳላስፈቅድ ቀረጽኩዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለቻቸው። "ለሰው ባሳየው ይቀየማሉ?"

"ፊቴ አለበት?"

"እጅዎና ድምፅዎ ነው ያለው።"

እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "እጄንማ ማን ያውቀዋል? አሳዪው። ሌላውም ሰሊጡ ሳይደርቅበት ሸራውን ይፈትሽ።"

ንግግር የለበትም፣ ሙዚቃ የለበትም፣ አበባም የለበትም። እንዳለ ለቀቅነው። ኔትወርኩ እየመጣ እየጠፋ አስቸግሮን ስለነበር መጫኑን እንኳ እርግጠኛ አልነበርንም። በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ስልኬ መንቀጥቀጡን አላቋርጥ አለ። የተበላሸ መስሎኝ አጠፋሁት። ስከፍተው ባሰበት። መምህርቷ ወደ ክፍል ልትሄድ ስትወጣ ጠራኋት። ስልኩን ተቀብላ አየች። ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ፣

"ይኸ ሁሉ ሰው አይቶታል?" አለች።

ኮመንቱን እኔ አንድ በአንድ አነበብኩት። "እኔም በሚስቴ ጥቁር ነጠላ ሞከርኩት፤ የኔም ያፈሳል።" "አምና ሠራተኞቹን ሌባ ያልኩት በከንቱ ነው ማለት ነው?" "የሽማግሌው እግዚኦታ አስለቀሰኝ።" "እናቴ፣ ይኸ ሸራ የት ይገኛል?" አንዳንዱ የራሱን ሸራ ጓሮው ውስጥ ዘርግቶ፣ ሰሊጥ አፍስሶ፣ ቀርጾ ልኮልኛል። እኔ አንድም ቦታ ግዙኝ አላልኩም። እነሱ ናቸው ሱቄን አፈላልገው የሚጠይቁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀሚሱም የንግግሩም ነገር ቀረ። ሰው የሚጠይቀኝን ጥያቄ እየያዝኩ፣ አንዱን ጥያቄ በአንድ ቪዲዮ እመልሳለሁ። ክሩን ለምን በሰም ታሺዋለሽ? ይኸው፣ ሰም ያለበትና የሌለበት ክር ፀሐይ ላይ ከርመው ስጎትታቸው እዩት። ሸራ አይጥ እንዳይበላው እንዴት ይቀመጥ? ይኸው። የሚታየው እጄ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ የጎጃም አነጋገሬ፣ ደንበኛ ሲመጣ የማወራው ወሬ፣ አንዳንዴም አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነው። መምህርቷ ሥራዋ ጸጥ ብሎ መያዝ ብቻ ሆነ። "ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ድርሰት ሳስተምር ይኸን አልነገርኳቸውም" ትለኛለች።

አንድ ቀን ከሳንጃ አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። "እህቴ፣ ሸሕዲ መምጣት አልችልም፤ አዲስ መግዣም የለኝም። ያለኝን ሸራ በእጄ የምሰፋበትን ብታሳዪኝ።" ለባሌ ስደውል ነገርኩት። እሱ በዚያ ሳምንት አንድ እርሻ ካምፕ ውስጥ ነበር።

"ሙያሽን ለአገር ሁሉ ካስተማርሽ ማን ይመጣልሻል?" አለኝ።

"ታዲያ እምቢ ልበላት?"

"እንደመሰለሽ አድርጊ" አለ። እንዳልወደደው ግን ድምፁ ያስታውቃል።

እኔም ፈርቼ ነበር። ቢሆንም የጆንያ መርፌና ክር ይዤ፣ አጣጥፎ አቆላልፎ መስፋቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልቸኩል አሳየሁ። ምንም አላስቀረሁም። ሳምንት ሳይሞላ ሴትዮዋ የሰፋችውን ቀርጻ ላከችልኝ። ስፌቱ ጠመም ቢልም ሰሊጥ አይወጣበትም። ከሥሩ "ጎረቤቶቼ መጥተው አዩት፤ አንቺ ዘንድ ሁለት ሸራ ሊያሰፉ ነው" ብላ ጽፋለች። ሌሎችም ሞክረው፣ ጣታቸው ሲላጥ፣ "ይኸስ የሙያ ሰው ሥራ ነው፤ ለእኛም ስፊልን" ብለው መጡ። የሽንፋው ሽማግሌ ያደስኩላቸውን ሸራ ሊወስዱ ሲመጡ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተስተካክለው ነው።

"ገበያ ላይ በድምፄ ለዩኝ" አሉ። "የእግዚኦው ሰውዬ ይሉኛል። እንግዲህ ከታወቀ አይቀር ዛሬ ፊቴንም ቅረጹት።"

ጥቅምት ሲገባና ማራገፍ ሲጀመር አንድ ኮመንት መጣ። የጻፈው የአንድ ትልቅ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ነው። "ሻል ላይ እፍኝ ሰሊጥ በትኖ ማውራት ቀላል ነው። ሠራተኛ ሲረማመድበት፣ ነዶ ሲጎተትበት፣ ነፋስ ሲያነሣው ያኔ ይታያል። ሴትዮ፣ ለመሆኑ እርሻ ረግጠሽ ታውቂያለሽ?" ከሥሩ የሚስቁ ብዙዎች ናቸው።

ደሜ ፈላ። መምህርቷ "እንሰርዘው?" አለችኝ።

"አይሰረዝም። ቅረጪኝ።"

ያን ቀን፣ ከነዚያ ከመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አሳየሁ። "ወንድሜ" አልኩ፣ "እርሻ መርገጥ ብቻ አይደለም፣ አጭጄም አውቃለሁ። የሚያራግፉበትን ቀን ይንገሩኝ፤ ሸራዬን ይዤ እመጣለሁ። የእርስዎም ይነጠፍ፣ የኔም ይነጠፍ፤ ያኔ አብረን እናያለን።"

ሦስት ቀን መልስ ጠፋ። ሰዉ ግን አልተወንም፤ "ምን ደረሰ? መለሰልሽ?" እያለ በየሰዓቱ ይጠይቃል። በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

"ቅዳሜ እናራግፋለን" አለኝ አንድ የወንድ ድምፅ። "ከዋናው መንገድ መገንጠያ ላይ ትራክተር ይጠብቃችኋል።"

ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷ ክፍል ስለሌላት አብራኝ መጣች። ከሚኒባስ ወርደን በትራክተር ተሳቢ ላይ፣ በሸራው ጥቅል ላይ ተቀምጠን ገባን። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ግራና ቀኙ ሂላ ነው። ሽታው፣ የደረቀው አገዳ ጭረት፣ ሁሉም ወደ አጫጅነት ዘመኔ መለሰኝ፤ ወገቤን ሲያመኝ ተሰማኝ ብል ውሸት አይሆንም። ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰው ነው። በኮመንቱ ክፉ አድርጌ ስዬው ነበር፤ እሱ ግን ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ማለቴ ነው፣ ጥላ ሥር አስቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠን።

"እኔ ሰው ማዋረድ ፈልጌ አይደለም" አለኝ። "በዕቃ ብዙ ጊዜ ተታልያለሁ።"

"ያየነውን እንዳለ እናወጣዋለን፤ ይስማማሉ?" አልኩት።

"እስማማለሁ።"

የሱም የኔም ሸራ ጎን ለጎን ተነጠፉ። ነዶው በቁጥር እኩል ሆነ። መጀመሪያ በሱ ላይ ያራገፉት ሠራተኞች ናቸው በኔም ላይ ያራገፉት። ሠራተኞቹ ነገሩን ሰምተው ስለነበር፣ አንዱ "እኔ የሴትዮዋን እላለሁ"፣ ሌላው "እኔ የአለቃን" እያለ ይከራከራል። ነዶው ተዘቀዘቀ፣ ተመታ፣ ተራገፈ። ሰሊጡ ተጠርጎ ጆንያ ውስጥ ገባ። መምህርቷ ፀሐዩ ስልኳን እያጋለባት በነጠላዋ ጥላ ሥር ይዛ ትቀርጻለች።

መጀመሪያ የሱ ሸራ ተነሣ። ከሥሩ፣ ልክ ስፌቱ በሄደበት፣ በኖራ የተሰመረ የሚመስል ነጭ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አሸ።

የኔ ተነሣ። መሐሉ ንጹሕ፣ ስፌቱ በሄደበት ሁሉ አፈር ብቻ። ሴት ሠራተኞቹ እልል አሉ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት ሥራ አስኪያጁ ወደ አንዱ ማዕዘን ሄደ፣ ጎንበስ አለና፣

"ይኸስ?" አለ።

ማዕዘኑ ሥር አንድ መዳፍ የሚሞላ ሰሊጥ ተከምሯል። እልልታው ቆመ። መምህርቷ ስልኳን ዝቅ አድርጋ "አቁሜዋለሁ" ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

ቀርቤ አየሁት። ስፌቱ አይደለም። ገመድ የሚታሰርበትን የብረት ቀለበት የማስገባው ጨርቁን በስቼ ነው። ሰው ሸራውን ሲጎትተው ቀለበቱ ጨርቁን እየቦጨቀ ቀዳዳውን አስፍቶታል። ስንት ዓመት ስሰፋ በዚያ በኩል ሰሊጥ የሚያልፍ አልመሰለኝም ነበር።

"ክፈቺው" አልኳት መምህርቷን። "ቅረጪ፤ እዚህ ጋ ቅረጪ።"

ከዚያ ማዕዘኑን ይዤ ተናገርኩ። "ስፌቴ አላፈሰሰም፤ አይታችኋል። ይኸ ግን ፈሷል። የፈሰሰው በቀለበቱ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። እዚያው ጨርቁ ላይ መብሳት አልነበረብኝም። ከኔ የገዛችሁ ሁሉ የናንተም እንደዚሁ ነውና ሸራችሁን አምጡልኝ፤ ያለ ክፍያ አስተካክላለሁ።"

እንዴት እንደማስተካክለው ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቀለበቱን በጣቱ ጎተት አድርጎ አየና፣

"ለሚቀጥለው ሳምንት ታደርሺዋለሽ?" አለኝ።

"ለሰኞ" አልኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቄን ዘግቼ ሳስብ ዋልኩ። በመጨረሻ ለሸራው ጆሮ አወጣሁለት፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ድርብ ጨርቅ ቆርጬ ከጠርዙ ወደ ውጭ ሰፋሁና ቀለበቱን እሱ ላይ አስገባሁት። አሁን ገመዱ ቢጎትት የሚጎትተው ጆሮውን ነው፤ ሰሊጡ ያለበትን ጨርቅ አይነካም። ደንግጬ ያገኘሁት ነገር ነው፤ ዛሬ ሸራዬ የሚለየው በዚያ ጆሮ ነው። ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ላክሁለት።

ማክሰኞ እሱ ራሱ የቀረጸውን ቪዲዮ ላከ። ሸራው ላይ ሙሉ ቀን ተራግፎበታል። አራቱንም ማዕዘን በየተራ ያነሣል፤ አፈር፣ አፈር፣ አፈር፣ አፈር። "አንድ ፍሬ የለም" ይላል ድምፁ። ከዚያ ያ የሳቁበት የድሮ ኮመንቱ ሥር ሄዶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ "ይኸን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ለካምፓችን በሙሉ እሷ ትሰፋልናለች" ብሎ ጻፈ።

የቅዳሜውን ቪዲዮ ምንም ሳንቆርጥ ለቀቅነው። እንደዚያ የታየ ቪዲዮ ከዚያ በፊትም በኋላም የለኝም። ሸራቸውን ለጆሮ ያመጡ የድሮ ደንበኞቼ ብቻቸውን አልመጡም፤ አንዱ ጎረቤቱን፣ አንዱ አማቹን አስከትሏል። ሱቄ ጠበበኝ። ሁለተኛ የስፌት መኪና አስገባሁ፣ ሁለት ሴቶች ቀጠርኩ፤ ሁለቱም እንደኔ ለአጨዳ የመጡ ናቸው። ከቋራም ከአርማጭሆም ይደወላል። ለቆላው ሁሉ እንግዳ ሆኜ ስኖር፣ አሁን ስሜን የማያውቅ ሰው "የሸራዋ" ብሎ መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል።

ባሌ ለእረፍት ሲመጣ ተሰልፈው የሚጠብቁትን ሰዎች አልፎ ገባና መኪናው ዳር ተቀመጠ።

"እዚያ ካምፑ ውስጥ" አለኝ፣ "ምሳ ሰዓት ሾፌሮቹ ሁሉ ተሳቢው ሥር ተኮልኩለው ስልክ ያያሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንቺ ነሽ። ማዕዘኑን ይዘሽ ጥፋቱ የኔ ነው ትያለሽ። አንዱ 'ይህችን ሴት አምናታለሁ' ይላል።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

"ሌላም ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ነዋ! ደግ ደጉን ሲናገሩ ጠገብኩና በመጨረሻ ሚስቴ ናት ስላቸው አላመኑኝም። ባለፈው አንድ ቀን ያለ ነገር የደወልኩልሽ ድምፅሽን ላሰማቸው ነበር።"

እስከዚያ ድረስ ሰው ፊት እቅፍ አድርጎኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን አቀፈኝ። "ሙያሽን ለአገር ሁሉ ካስተማርሽ" ያለውን ነገር አላነሣሁበትም። እሱ ራሱ አነሣው፤ "ያን ጊዜ እንኳንም አልሰማሽኝ!" ብሎ ሳቀ።

በዓመቱ መስከረም ሳይጋመስ ትእዛዙ ሞላ። ሌት ተቀን ብንሰፋ እንኳ ለጥቅምት የማናደርሰው ሆነ። ለሰው ቃል ሰጥቶ ማጉደል ስላልፈለግሁ "ለዘንድሮ ሞልቷል" የሚል ቪዲዮ እንሥራ አልኩ። መምህርቷ ስልኳን ደገነች። ሴቶቹ መኪናቸውን አቆሙ።

"ወገኖቼ" ብዬ ጀመርኩ፣ "ስላመናችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዘንድሮ ግን..."

የኔ ስልክ ጮኸ። ከሽንፋ ነው፤ ሁለት ሸራ ይፈልጋል። ዘጋሁትና እንደገና ጀመርን። "ወገኖቼ፣ ለዘንድሮ..." አሁንም ጮኸ። በሦስተኛው ድምፁን አጥፍቼ በጭንቅ ጨረስኩትና ለቀቅነው። ገና ውሃ ሳንጠጣ አንድ ሰው ደወለ።

"ሞልቷል ስትይ አየሁሽ" አለኝ።

"አዎ ወንድሜ፣ ይቅርታ።"

"ይኸን ያህል ከተፈለገማ ጥሩ ነው ማለት ነው። ለከርሞ አሁኑኑ መዝግቢኝ።"

መምህርቷ ሸራው ክምር ላይ ወድቃ እስክታነባ ሳቀች። ሁለቱ ሴቶችም ሳቁ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ አዲስ ገጽ ላይ "ለከርሞ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩና የመጀመሪያውን ሰው መዘገብኩ።